ጥግ የገባው ፈረስ

የአስናቀን ሞት የሰማሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከክፍል ወጥቼ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ ነው። እህቱ ደብሬ ከባሕር ዳር ደወለችና «ፈንታነሽ፣ አስናቀ አርፏል» አለችኝ። እንዴት ዋልሽ የለ፣ አጠገብሽ ሰው አለ ወይ የለ። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድ ተማክሮ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኩቶ ነው የሚነገረው። ደብሬም ወጉ ጠፍቷት አይደለም። «ራሱ እንዲህ አድርገሽ ንገሪያት ብሎኝ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ» አለችና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

እኔ ግን ወዲያው አላለቀስሁም። ቀጥላ የነገረችኝ ከሞቱም በላይ አስፈራኝ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ክፉ ሆኖ አስከሬኑን ወደ ትውልድ አገሩ ወደ እስቴ መውሰድ ስላልተቻለ እዚያው ባሕር ዳር ቀብረውታል። እናቱ እማማ ብርቄ አልሰሙም። የእናቱ ወንድም ቄስ ልሳነወርቅ «እህሏ ከአውድማ ሳይገባ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» ብለው ከልክለዋል። አስናቀ ደግሞ ከመሞቱ በፊት፣ መርዶውን ለእናቱ እኔ እንድነግር ተናዟል። እኔ! እስቴን ረግጬ የማላውቅ፣ እናቱን አይቼ የማላውቅ የስማዳ ሰው። ሰንደቅ ዓላማው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ።

ከዘመድ ሁሉ እኔን ለምን እንደመረጠኝ ግን አላጣሁትም። የአንድ ጨዋታ ነገር ነው፤ ያውም ሰው ያልተጫወተው ጨዋታ።

አስናቀ ንፋስ መውጫ ውስጥ እኔ ባዮሎጂ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የትም ቢገባ በር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው። ፈሪ ነበር። ፈሪነቱንም እንደ ሌላው ወንድ አይደብቅም። ከሩቅ ተኩስ ሲሰማ እኛ «በየት በኩል ነው?» ስንባባል እሱ ቀድሞ ከጠረጴዛ ሥር ነው። ከዚያ ሆኖ «ፈሪ ለእናቱ!» ይለናል። መጀመሪያ ሰሞን እንስቅበት ነበር። ኋላ ተኩሱ ሲበረክት እኛም አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ሥር ገባን። ፈቀቅ ብሎ ቦታ ይለቅልንና «እንኳን ወደ እናታችሁ በደህና መጣችሁ» ይላል። እየፈራሁ ያሳቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበረው። በውስጡ ሁለት የቼዝ ፕሮግራሞች ጭኖ መብራት በመጣ ቁጥር እርስ በርስ ያጫውታቸዋል። መብራት ሲሄድ ጨዋታውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይሥልና የቼዝ ክበቡን ተማሪዎች ሰብስቦ የማሽኖቹን ስህተት ይመረምራል። እኔ ቼዝ የምወድ ሰው አይደለሁም። ብቻዬን ቤት መቀመጥ ስለፈራሁ ነው ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ የፈተና ወረቀት የማርመው።

«ምነው፣ የሰው ጨዋታ ጠፋ?» አልሁት አንድ ቀን።

«ሰው ሲሳሳት ራሴን አሞኝ ነው፣ አናደደኝ ነው ይልሻል። ማሽን ማሳበቢያ የለውም። ስህተቱ ራቁቱን ነው የሚቆመው።»

ተማሪዎቹ ብርቱውን ፕሮግራም በራሳቸው አገር ስም «ጋይንት»፣ ደካማውን «እስቴ» ብለው ሰየሙት። እስቴ የአስናቀ አገር ስለሆነ እሱን ለማብሸቅ ነው። እሱም አልተቆጣም፤ እስቴን ሆን ብሎ ያደከመው ራሱ ነዋ። ጥቂት እርምጃ ብቻ ወደፊት እንዲያይ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው እንዲጨልምበት አድርጎታል። እስቴ ሲሸነፍ ላፕቶፑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ከዚያ ወዲያ አላይም» ይለዋል። «ስማዳስ የታለ?» ብዬ ስተርበው፣ «ስማዳ ተነሥቷል፤ ያንን መንገድ እያወቅሽው ምን ያስቸኩልሻል? ይደርሳል» ብሎ ተማሪ አሳቀብኝ። ጥርሴ ፍንጭት ስለሆነ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ፍንጭቷ ነበርሁ።

ከዚያ ያ ክፉ ሰሞን መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ። እናቴ ስማዳ፣ ወገዳ ናት፤ ድምፅዋን ከሰማሁ ሰንብቻለሁ። አንድ ሰኞ ሥራ ስገባ ባልደረቦቼ በሙሉ ደግ ሆነው ጠበቁኝ። አንዷ ክፍለ ጊዜሽን ልያዝልሽ አለች። በፈተና ጥበቃ ተጣልተን የተኳረፍነው የእንግሊዝኛ መምህር ዳቦ ገዝቶልኝ መጣ። ርዕሰ መምህሩ «ቤተሰብ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይሰሙ ዞር አሉ። ሰው ደግ ሲሆንልኝ እንደዚያን ሳምንት ፈርቼ አላውቅም። «ምን ሆናችኋል?» ስል «ምንም»። «ከስማዳ የመጣ ሰው አለ እንዴ?» ስል «ኧረ የለም፣ መንገዱ ዝግ አይደል»። አስናቀ ብቻ ደግ አልሆነልኝም። እሱ ይሸሸኝ ነበር።

የፈረሱ ጨዋታ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

ሰሌዳውን ሥሎ ጨርሷል። የእስቴ ፈረስ ወደ ጠላት ሠፈር ዘልቆ ገብቶ ጥግ ላይ ተይዟል፤ መውጫ የለውም። አስተዋይ ተጫዋች ቢሆን ፈረሱን ትቶ የቀረውን ይሰበስባል። እስቴ ግን አንድ ወታደር ወደፊት ገፋ። ለምንም አይጠቅም፤ ሄዶ ለመበላት ነው። ጋይንት ያንን ወታደር መብላት ግድ ሆነበትና ፈረሱ ለአንድ እርምጃ ከሞት ተረፈ። እስቴ ሌላ ወታደር ገፋ። እሱም ተበላ። ሦስተኛውን ሲገፋ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ የእርስዎ አገር ሰው አበደ!» አለች አንዲት ተማሪ።

«አላበደም። ፈርቶ ነው።»

«ማሽን ይፈራል እንዴ?»

«ዓይኑ አጭር ነው። ሞቱን ዓይኑ ከማይደርስበት በገፋው ቁጥር የቀረለት ይመስለዋል። ለዚያች ለአንዲት እርምጃ ብሎ ወታደር ይከፍላል። ፈረሱ ዳነ ብሎ ደስ እያለው ነው እኮ የሚከፍለው።» ጠመኔውን ወደ ተማሪዎቹ ዘረጋ። «እሺ፣ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? ከተበላ በኋላማ ሁሉም ዐዋቂ ነው፤ ከመበላቱ በፊት አሳዩኝ።»

አንዱ ፈረሱ በመጨረሻ የተበላበትን አሳየ። አንዷ የመጀመሪያውን ወታደር። አስናቀ ራሱን ነቀነቀና ጥጉን በጠመኔ ከበበው።

«ፈረሱ የሞተው እዚህ ነው፤ ገና ማንም ሳይነካው። እዚህ ላይ ሞቷል ብሎ ቢያምን ወታደሮቹ ይተርፉ ነበር። ከዚህ ወዲህ ያለው ጨዋታ አይደለም። ከዚህ ወዲህ ያለው ሁሉ መርዶ መደበቅ...»

ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ እንዳስደገፈ ዞሮ አየኝ። ፊቱ ተለወጠ። ተማሪዎቹን «ውጡ፣ ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን» አላቸው።

«ፈንታነሽ» አለኝ። ፍንጭቷ አላለኝም። «እናትሽ ታመዋል። ጠንቶባቸዋል። ከወገዳ የመጣ ጨርቅ ነጋዴ ነው የነገረን። መንገዱ እስኪከፈት አንንገራት ተባብለን ደበቅንሽ። እኔም ደብቄሻለሁ።»

«በሕይወት አለች?»

«ነጋዴው ሲነሣ ነበሩ። አሁን አላውቅም። አላውቅም ስልሽ አላውቅም ማለቴ ነው፤ ሞተዋል ማለቴ አይደለም።»

በጥፊ ልመታው እጄ ተነሥቶ ነበር። እዚያው አየር ላይ ቀረ። ያንን ሳምንት ሙሉ ከሰማሁት ቃል ሁሉ ያመንሁት ይህንን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ወደ ወገዳ ተነሣሁ፤ እሱም አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። ባልደረቦቻችን «አንተ ደግሞ የት ልትደርስ ነው?» ብለው ሳቁበት። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈትቶ እንደገና አሰረ። ከፊሉን መንገድ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግር ሄድን። አንድ ኩርባ ላይ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሙን። የማን እንደሆኑ አልጠየቅንም፤ በዚያ ሰሞን አይጠየቅም። አንደኛው «ወዴት ነው?» አለ። አስናቀ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እናቷ ጠንቶባቸው ነው» አለ፤ ድምፁ ይቆራረጣል። «እኔ እንኳ ፈሪ ነኝ፤ ተመለስ ካላችሁኝ አሁኑኑ እመለሳለሁ። እሷ ግን አትመለስም።»

ሰውየው አስናቀን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ሳቀ። «ይኸስ ውሸታም አይደለም» ብሎ አሳለፈን። ኩርባውን እንደዞርን አስናቀ ከመንገዱ ወረደና አስመለሰው። አፉን በእጅጌው ጠርጎ «ፈሪ ለእናቱ ሲባል ኖሮ፣ እኔ ለሰው እናት ልሞት ነበር» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

እናቴ በሕይወት ነበረች። «መጣሽ?» አለችኝና እጄን ይዛ ዋለች። በማግስቱ አረፈች። መንገዱ የተከፈተው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ባልደረቦቼን አልወቅሳቸውም፤ ክፋት አልነበረባቸውም። የእነሱን ደግነት ስጠብቅ ብቆይ ግን የማገኘው አፈር ነበር።

ለቅሶዬን ጨርሼ ስመለስ ያ ሰሌዳ አልጠፋም፤ ተማሪዎቹ ሌላ መምህር እንዳያጠፋው ሲጠብቁት ሰንብተዋል። አስናቀ ቃሉን አክብሮ ጨዋታውን ጨረሰላቸው። ወታደሮቹ አለቁ፣ ፈረሱም ተበላ፣ የእስቴ ንጉሥ ደጁ ተከፍቶ ብቻውን ቆመ።

«ፈረሱን በጊዜ ቢተወውስ አይሸነፍም ነበር?» አልሁት ከኋላ ወንበር።

«ይሸነፍ ይሆናል» አለ። «ግን እየተጫወተ ይሸነፍ ነበር።»

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ነው ከዓመታት በኋላ ኩላሊቱን ታምሞ ባሕር ዳር የተኛው። አንድ ቀን ራሱ ደወለልኝ።

«ፍንጭቷ፣ ኩላሊቴ አብቅቶለታል።»

«ኧረ አይዞህ! እግዚአብሔር ያውቃል፤ ስንቱ ድኗል።»

«አንድ ወታደር ገፋሽ።»

«በማርያም፣ እንዲህ አትበል።»

«ሁለት።»

ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «እፈራለሁ» አለኝ። «ሞቱን አልፈራም ብልሽ ውሸቴን ነው። ከሞቱ ይልቅ የምፈራው ግን እኔ ከሞትሁ በኋላ እናቴ ልጅሽ ደህና ነው እየተባለች መኖሯን ነው። አጎቴን አውቀዋለሁ፤ ሰው ማስከፋት አይችልም።» አንቺ ንገሪልኝ አላለኝም። እምቢ እንደምል ያውቃል። ለእህቱ ነገራትና እምቢ ማለት የማልችልበት ሰዓት ላይ ደረሰኝ።

ከቀብሩ በኋላ ቀኑ መገፋት ጀመረ። እህሉ ከአውድማ ሲገባ ቄስ ልሳነወርቅ «ገና ይለፍ፤ በበዓል ሰው አይረዳም» አሉ። ገና ሲያልፍ «ጥምቀት ይለፍ» አሉ። እማማ ብርቄ በጎረቤት ስልክ ሲደውሉ ደብሬ «ተኝቷል» ትላቸዋለች። ሌላ ቀን «ሐኪም ጋ ገብቷል»፣ ሌላ ቀን «ጉንፋን ድምፁን ዘግቶታል»። እኔም ከእነሱ አልተሻልሁም፤ ደብሬ በደወለች ቁጥር «በሚቀጥለው ሳምንት» እላታለሁ። የቄስ ቃል ሽሬ፣ ወግ አፍርሼ፣ በማላውቀው ደጅ ገብቼ አሮጊት ላረዳ? ልባቸው ቆሞ እጄ ላይ ቢቀሩስ? እናቴ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ትል ነበር፤ እሱን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ደብሬ ደውላ ጮኸችብኝ። «ከእንግዲህ ምን ልበላት? የቀረኝ ውሸት የለም!» ከዚያ «እናቴ ቅቤ ላከችለት» አለችኝ። «መንገዱ ላላ ሲል አጎቴ በሚኒባስ ጭኖ ላከው። የታመመ ይጠግነዋል ብላ ነው። ሁለተኛው ቅቤ ነው እኮ፣ ፈንታነሽ። የመጀመሪያውም አልተነካ፤ የት ላድርገው?»

ጥምቀት ሳይደርስ ተነሣሁ። ደብረ ታቦር ወርጄ የእስቴን መኪና ያዝሁ። በየኬላው ሹፌሩ ሲቆም «ተመለሱ ባሉን» እያልሁ እለምን ነበር። ማንም አልመለሰን። ከመኪና ወርጄ ሰው እየጠየቅሁ ስሄድ የማሳየው ፊት እንኳ ጠፍቶኝ ነበር፤ ብስቅ ውሸት፣ ባለቅስ ከደጅ ማርዳት ሆነብኝ።

እማማ ብርቄ ከጭድ ክምሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በሰፌድ ምስር ይለቅማሉ። «እንደምን ዋሉ?» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ጥርሴ ላይ ቆመ። ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት።

«አንቺ ፍንጭቷ ነሽ? የስማዳዋ?»

«አዎ እማማ።»

«ባሕር ዳር ሊሄድ ሲል ‹ሌላ ሰው የሚልሽን ተይው፤ ክፉ ቢሆን ፍንጭቷ መጥታ ትነግርሻለች› ብሎኝ ነበር» አሉ። «ይኸውልሽ መንገዱን እያየሁ እውላለሁ። ሲመሽ፣ ዛሬም አልመጣችም፣ ተመስገን እላለሁ።»

ለካ መርዶው እኔ ራሴ ነኝ፤ አፌን ሳልከፍት ከመኪናው ስወርድ ጀምሮ እየነገርሁ ነው የመጣሁት። ቃሉን ልናገር ስል እሳቸው ብድግ አሉ።

«ቆይማ፣ ውሃ ላምጣልሽ። ደክሞሻል» አሉ። ውሃ አመጡልኝ፤ ጠጣሁ። «መንገዱስ እንዴት ነበር? ተኩሱ በረደ?» አሉኝ። በርዷል አልኋቸው። «በእናንተ አገር ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው?» አሉ። ደህና ነው አልሁ። አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላ ይጠይቁኛል። እያንዳንዷ ጥያቄ ምን እንደሆነች አውቄያለሁ። መንፈግ አልቻልሁም፤ ትንሽ ጊዜ ልስጣቸው ብዬ መለስሁ።

በዚህ መሀል ቄስ ልሳነወርቅ ጭራቸውን ይዘው ከደጅ ገቡ። እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ኖሯል፤ ያለከልካሉ። አንድ ጊዜ አይተውኝ ማን እንደሆንሁ ገባቸው።

«ብርቄ፣ እሷ ከአስናቀ ጋ ያስተማረች ናት» አሉ ፈጠን ብለው። «ደህና ነው ልትልሽ ነው ብቅ ያለችው። አይደል የኔ ልጅ?»

ዓይናቸው ይለምነኛል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንደኔው ፈርተዋል። አዎ ብል ለዛሬ ሁላችንም እንተርፍ ነበር። እማማ ብርቄ ግን ወደ ወንድማቸው አልዞሩም። የሚያዩት አፌን ነው።

«እማማ፣ አስናቀ አርፏል» አልሁ። «ታኅሣሥ እንደገባ ነው ያረፈው። ባሕር ዳር ተቀብሯል።»

ጩኸት ጠበቅሁ። አልጮኹም። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ቆየ፤ ሳምንታቱን ወደኋላ የሚቆጥሩ ይመስላሉ።

«ቅቤውንስ?» አሉ። «ቅቤውን ማን በላው?»

«ማንም አልበላውም። ደብሬ አስቀምጣዋለች።»

ያኔ ወደ ቄሱ ዞሩ። «አንተ ነህ እኮ ተሸክመህ መኪና ላይ የጫንኸው። ‹ለጋ ቅቤ ነው፣ ደስ ይለዋል› ብለኸኛል።»

ቄስ ልሳነወርቅ ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭዱ ላይ ተቀመጡ። «ፈርቼ ነው፣ ብርቄ» አሉ። «ምን ብዬ ልንገርሽ? ፈርቼ ነው።»

«ልጄም ፈሪ ነበር» አሉ እማማ ብርቄ። «እሱ ግን እሷን ልኮልኛል።»

ከዚያ በኋላ ነው ነጠላቸውን ጥለው የጮኹት፤ ጎረቤቱም ከየደጁ መውጣት ጀመረ።